ጭብጡ ምን ነበር?

በአደባባይ ክርክሮቻችን ውስጥ ማን እንደተሳሳተ ከመለየት ይልቅ ክርክሩ ስለ ምን እንደነበረ ማስታወስ ይከብደኛል። ውይይቱ በዘይት ዋጋ ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው ተናጋሪ አያት በጣሊያን ወረራ ዘመን ከማን ጋር እንደተሰለፉ ወደ መመርመር ይዞራል። ሁለቱም ወገኖች ባማረ አማርኛ ይናገራሉ፤ ታዳሚውም ያጨበጭባል፤ የዘይቱ ነገር ግን እንደተነሣ ይቀራል።

በጥብቅና ሙያ ለምተዳደር ለእኔ ይህ ነገር ዕረፍት ይነሣኛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንገለገልበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከዳኛ ከሚጠብቃቸው ሥራዎች አንዱ ጭብጥ መመሥረት ነው። ዳኛው ክሱንና መልሱን አንብቦ፣ ግራ ቀኙን ሰምቶ፣ አንደኛው ወገን አለ የሚለውን ሌላኛው ደግሞ የለም የሚለውን ነጥብ ይለያል፤ የሚወሰነው ይህ ነው ብሎም በመዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀርብ ምስክር፣ የሚነበብ ሰነድ፣ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ የሚመዘነው በዚያ ነጥብ ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም በሚል ጭብጥ ላይ የቀረበ ምስክር ስለ ተከሳሹ ትዳር ማውራት ቢጀምር ዳኛው ያስቆመዋል፤ ያወራው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን እንኳ የሚጠይቀው የለም። እውነት ቢሆንም ለዚህ ሙግት አይጠቅምምና።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክ እና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ። የአመክንዮ ሕጸጾችን በየስማቸው የሚማሩት እዚያ ነው፤ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን ማጥቃት፣ ያልተባለውን ተባለ ብሎ ማፍረስ፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ ብሎ ማስጨነቅ፣ ብዙ ሰው አምኖበታልና እመን ማለት። አርስቶትል 13 ዓይነት ቆጥሮ ነበር፤ የዛሬዎቹ መማሪያ መጻሕፍት ዝርዝሩን አርዝመውታል። ኮርሱ መሰጠቱን እደግፋለሁ። ሆኖም ስሞቹን በቃል መያዝ ብቻውን ምን እንደሚያስከትል በወጣት ባልደረቦቼ ዘንድ አያለሁ፤ ተከራካሪው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ “ይሄ አድ ሆሚነም (ሰውየውን ማጥቃት) ነው” ብሎ ማቋረጥ እንደ ድል ይቆጠራል። ስሙን የጠራው ሰው ሊወሰን የቀረበው ጥያቄ ምን እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም፤ ጥያቄው ካልታወቀ ደግሞ የተነገረው ነገር ከጥያቄው መውጣት አለመውጣቱን ማን ያውቃል? ከዚህ የሚብሰው፣ የአንድ ሰው ማስረጃ ደካማ ሆኖ ሲገኝ የደረሰበት መደምደሚያ ራሱ ሐሰት እንደሆነ መቁጠር ነው። ክሱን ማስረዳት ያልቻለ ከሳሽ ይረታል፤ መረታቱ ግን ገንዘቡን አላበደረም ማለት እንዳልሆነ በፍርድ ቤት ደጅ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ በአደባባይ ከምንሰማቸው ሕጸጾች አብዛኞቹ ከጭብጥ መንሸራተት የተለያዩ መልኮች ናቸው፤ ስማቸውን ከማጥናት በፊት ጭብጡን መያዝ ይሻላል።

ከማምለጫዎቹ ሁሉ የተለመደው “ያኔ የት ነበርክ?” የሚለው ነው። አንድ ሰው ስለ እስረኞች አያያዝ፣ ስለ ቤት ፈረሳ ወይም ስለ ሹመት አሰጣጥ ቅሬታ ያቀርባል። የሚመለስለት ነገር እስረኞቹንም ሆነ ቤቶቹን የሚመለከት ሳይሆን፣ ከ10 ወይም ከ30 ዓመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ሲፈጸም ዝም ብለሃል የሚል ነው። ተረቱም አለን፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንላለን። ነገሩ እንዲህ የሚጥመን ውስጡ ጥቂት እውነት ስላለበት ይመስለኛል። አንዱን በደል አይቶ ሌላውን የሚያልፍ ሰው ወገንተኛ ነው፤ “እኔ ለማንም አላዳላም” ብሎ ንግግሩን ከከፈተ ደግሞ ያኔ የት እንደነበረ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ገለልተኝነቱን ጭብጥ ያደረገው እሱ ራሱ ነውና። ያለው ነገር “ቤቶቹ ያለ ካሳ ፈርሰዋል” ብቻ ከሆነ ግን፣ ያኔ ዝም ማለቱ ዛሬ የፈረሱትን ቤቶች መልሶ አያቆማቸውም።

ሕጉ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። ተከሳሽ “እኔም ከእሱ የምፈልገው አለኝ” ካለ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ ያቀርባል፤ እንደ ማንኛውም ከሳሽ የዳኝነት ገንዘብ ይከፍላል፤ ክሱም በራሱ ጭብጥና በራሱ ማስረጃ ይወሰናል። ተበዳድለው ከሆነ በሁለቱም ላይ ይፈረዳል። (ዕዳ በዕዳ ይቻቻላል፤ በደል በበደል የሚቻቻልበትን አንቀጽ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።) በአደባባይ “ያኔ የት ነበርክ?” የሚሉን ሰዎች ያንን የቀድሞ በደል በእርግጥ እንዲታይ የሚፈልጉ ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬው ቅሬታ ከተመለሰ በኋላ ያኛውን ያነሡልን ነበር። የዛሬው ሲዘጋ ያኛውም አብሮ ይዘጋል።

“አንተ ማን ነህ?” የሚለውን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም፤ የተናጋሪውን ማንነት ማንሣት ሁልጊዜ ሕጸጽ ነው የሚለውን አልቀበልም። ምስክር ሲሰማ ማንነቱ ይመረመራል፤ የከሳሽ ወንድም ነህ ወይ፣ ቂም አለህ ወይ፣ በዕለቱ በቦታው ነበርክ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ “አይቻለሁ” ሲል የምንቀበለው ቃሉን ተማምነን ነውና። ጠበቃ ቆሞ “የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን ሲገባው ይህኛው በቃል የተደረገ ስለሆነ አይጸናም” ሲል ግን ቂም አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ክርክሩ ከተናጋሪው ተለይቶ በራሱ እግር ይቆማል ወይም ይወድቃል። በአደባባይ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት የሚናገር ወገናችን ስለ መርካቶ የዕለት ዋጋ ሲመሰክር እዚያ አለመኖሩ ያገባናል፤ ከማን ሰማህ ልንለው ይገባል። ይኸው ሰው የታተመ የበጀት ሰነድ ዘርግቶ “እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አይገጥሙም” ሲል ግን “ውጭ ተቀምጦ መናገር ቀላል ነው” ይባላል፤ ሁለት ቁጥር ለመደመር የሚኖሩበት አገር ምን እንደሚያግዝ አይገባኝም። የወደድነው ሰው ደግሞ “ታማኝ ምንጮች ነግረውኛል” ሲል፣ ማንነትን መጠየቅ በሚገባን በዚያች ቦታ ላይ፣ ይሉኝታ ይይዘናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ስለ አንድ ነጋዴ ወይም ስለ አንዲት ዘፋኝ ወሬ ይነዛል፤ ማስረጃ የጠየቀ ሰው “ውሸት ከሆነ ለምን አላስተባበሉም?” ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ሳያውቁት የሕግ መርሕ እየጠቀሱ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ክርክር ተከሳሹ በመልሱ በግልጽ ያልካደው ነገር እንዳመነው ይቆጠራል። ነገር ግን ሕጉ ዝምታን እንደ እምነት የሚቆጥረው ክሱ ተጽፎ፣ መጥሪያው ደርሶ፣ መልስ የሚሰጥበት ቀን ከተቆረጠ በኋላ ነው። በየሻይ ቤቱ የሚወራበትን ሁሉ ያስተባብል የተባለ ሰው መጥሪያው የደረሰው መቼ ነው? የማስረዳት ሸክም ከተናጋሪው ወርዶ በሚወራበት ሰው ጫንቃ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ባለች አንዲት ጥያቄ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ ስለ ወጪው ሲጠየቅ “አጥፍተሃል የምትሉ እናንተ አስረዱ” ማለት አይችልም፤ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታው ከሥልጣኑ ጋር አብሮ የመጣ ነውና።

በቋንቋ ጉዳይ የምናደርገው ክርክር ደግሞ ያልተባለውን ተባለ የማለት መማሪያ ሊሆን ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ “ልጆች ከአፍ መፍቻቸው በተጨማሪ ሌላ የአገሪቱን ቋንቋ አጥብቀው ቢማሩ ይጠቅማቸዋል” ይላል፤ “ቋንቋችንን ሊያጠፋ ነው” ይባላል። ሌላው “ልጅ በአፍ መፍቻው ሲማር ቶሎ ይገባዋል” ይላል፤ “አገር ሊያፈርስ ነው” ይባላል። ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት ነገር እርስ በርሱ እንደማይጋጭ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያስተውል አይገኝም። በችሎት ላይ እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉ ከመዝገቡ ይነበብልኝ ይባላል። ከመዝገብ ውጭ በሚደረግ ክርክርም “ያልኩትን እባክህ መልሰህ ንገረኝ” ማለት ይቻላል፤ ይህን የጠየቅኳቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያላልኩትን ከነገሩኝ በኋላ ራሳቸው ይገርማቸዋል።

ስለ ተረትና ምሳሌም ጥቂት ልበል፤ ክርክር ሳይደረግ ክርክር ያለቀ የሚያስመስል እንደ ተረት ያለ ነገር አላውቅም። ነገሩ ይፈጠን የሚለው ሰው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላል፤ ይቆይ የሚለው “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ይላል፤ ሁለቱም አንገት ያስነቀንቃሉ። የትኛው ለያዝነው ጉዳይ እንደሚሠራ ተረቱ ራሱ አይነግረንም፤ ልንከራከርበት የሚገባንም እሱን ነበር። ከሁሉ የምፈራው “ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” የሚለውን ነው፤ ስለ አጥሩ መዝመም የተናገረን ሰው ባለቤቱን እንደሰደበ ያስቆጥረዋል። ስለ አንድ ተቋም አሠራር የተሰነዘረ ነቀፋ የብሔር፣ የሃይማኖት ወይም የአገር ስድብ ሆኖ የሚደመጠው በዚሁ መንገድ ነው። ተረት ሕጸጽን የሚያጋልጥበት ጊዜም ግን አለ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ያለው ሰው፣ የማይመጣጠኑ ሁለት ነገሮችን አመጣጥኖ የማቅረብን ስሕተት ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አሳጥሮ ነግሮናል።

የምክንያትና የውጤት ነገር ሰፊ ስለሆነ አንድ ብቻ ጠቅሼ አልፋለሁ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የጨመረ ዋጋ ሁሉ በዚያ ውሳኔ ተሳብቧል። ዋጋ ግን ከዚያ በፊትም ይጨምር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። የውሳኔው ደጋፊዎች በበኩላቸው “ነጋዴው ቀድሞውንም በጥቁር ገበያ ተመን እያሰላ ይሸጥ ስለነበር ውሳኔው ዋጋ ላይ ያመጣው ለውጥ የለም” አሉ፤ እንደ ነዳጅ ያሉ በይፋዊው ተመን የሚገቡ ሸቀጦች መኖራቸውን ረስተው፣ ከአንዳንዱ ዕቃ ተነሥተው ስለ ሁሉም ደመደሙ።

ይህ ሁሉ ተሰብስቦ የሚታይበት አንድ ክርክር ምረጥ ብባል ዓባይን እመርጣለሁ፤ የእነሱም የእኛም ስሕተት ጎን ለጎን ይገኝበታልና። በግብጽ በኩል ሲደጋገም የሰማነው ስሌት እንዲህ የሚል ነው፤ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል፤ የግብጽ ዓመታዊ ድርሻ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ነው፤ ስለዚህ ግድቡ ከግብጽ ድርሻ የሚበልጥ ውሃ ይነጥቃል። 74 የሐይቁ የመያዝ አቅም ነው፤ በበርካታ ክረምቶች ተጠራቅሞ የሚሞላ። 55.5 ደግሞ በየዓመቱ የሚፈስስ መጠን ነው። የአንዱን የባንክ ተቀማጭ ከሌላው የዓመት ደመወዝ ጋር አወዳድሮ “ተቀማጩ ስለሚበልጥ ደመወዙ ተወስዷል” እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ሙሌት በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲከናወን የተያዘው 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ነበር፤ ሐይቁ ከሞላ በኋላም ኃይል የሚገኘው ውሃው ተርባይኑን አዙሮ ወደ ታች ሲወርድ ነው።

ድርሻ የተባለው ቁጥር ራሱ ግብጽና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ለሁለት ከተፈራረሙት ስምምነት የመጣ ነው። አስዋን ላይ በአማካይ በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይደርሳል ተብሎ ተሰላ፤ 10ሩ በትነት እንደሚጠፋ ታሰበ፤ የቀረው 55.5 ለግብጽ፣ 18.5 ለሱዳን ተደለደለ። ለኢትዮጵያ የተተወ ጠብታ የለም፤ የስምምነቱም ወገን አልነበረችም። “ለረጅም ዘመን ስንጠቀምበት ኖረናል” ከሚለው ተነሥቶ “ስለዚህ መብታችን ነው” ወደሚለው መሻገሪያ የተደረገው ይህ ስምምነት ነው፤ ውል ያልፈረመበትን ሰው እንደማያስገድድ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት የሕግ ተማሪም አይስተውም።

አሁን ወደ ራሳችን። “86 በመቶው ከእኛ ስለሚመነጭ የእኛ ነው” የሚለው ንግግር በየመድረኩ ጭብጨባ አጥቶ አያውቅም። ቁጥሩ ላይ ጥል የለኝም፤ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል የሚሄደው ሲደመር አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 ወይም 86 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣ ነው። ከቁጥሩ በስተኋላ የተደበቀው ሐሳብ ግን ወንዝ የመነጨበት አገር ብቻውን የወንዙ ባለቤት ነው የሚል ነው፤ ይህ ወደ ብርሃን ሲወጣ የታችኛው ነዋሪ ምንም መብት የለውም ማለት ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ብላ አታውቅም። ይዛ የቀረበችው ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም የሚለውን መርሕ ነው፤ ከጭብጨባው ክርክር እጅግ የጠነከረ። ጠንካራ ክርክር በእጁ ያለ ወገን ደካማውን አስቀድሞ ሲያሰማ ማየት በሙያዬ ከሚያንገበግቡኝ ነገሮች አንዱ ነው።

“ግድቡ ውሃ አይጠጣም፤ ስለዚህ ማንንም በምንም አይነካም” የሚለውም እንዲሁ ከሚገባው በላይ ይዘላል። ትነት አለ፤ ድርቅ ለተከታታይ ዓመታት ቢመጣ ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ አለ። ተደራዳሪዎቹ ለዓመታት የተሟገቱት በአብዛኛው በዚህ በድርቅ ጊዜ አለቃቀቅና አለመግባባት በሚፈታበት ሥርዓት ላይ ነበር። ጭብጡ እሱ ነበር ማለት ነው። አገር ቤት ግን ይህንኑ ጥያቄ ያነሣ ሰው “የግብጽ ተላላኪ” ሲባል፣ ባስ ሲልም “ባንዳ” ሲባል ሰምቻለሁ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ስለ ድርቅ ዓመታት የተነሣው ጥያቄ ግን በምርቃትም በስድብም አይመለስም፤ የሚመልሰው የውሃ አለቃቀቅ ደንብ ነው።

በችሎት ጭብጥ የሚይዝልን ዳኛ አለ፤ በአደባባይስ ማን ይያዝልን? የቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት በግጥም፣ በሽሙጥና በሰውነት እንቅስቃሴ የተሞላ ነበር፤ በዛሬው ኮርስ ሚዛን ቢመዘን ሕጸጽ የሌለበት ስንኝ የሚገኝ አይመስለኝም። ሆኖም ተጠየቅ የተባለ ሰው ለተጠየቀው መመለስ ነበረበት፤ በቅሎ ወይም ማር አስይዞ የሚወራረድም በየትኛው ቃል ላይ እንደሚወራረድ ለይቶ መናገር ነበረበት፤ ነገሩ ቢያጌጥም ነጥቡ ተቸንክሮ ይቆይ ነበር። የዛሬ የቴሌቪዥን አወያይ የሚቆጣጠረው ሰዓት ብቻ ነው፤ “ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል” ይላል። “የተጠየቁት ይህ ነበር፤ እስካሁን አልመለሱልንም” የሚል አወያይ ባገኝ ሌሊቱን ሁሉ ቁጭ ብዬ አየው ነበር።

ይሁን እንጂ የእኔም መለኪያ የሚከዳኝ ቦታ አለ፤ ጭብጡን የቀረጸው ሰው ራሱ ያዘነበለ ሲሆን። “ግድቡ የግብጽን ድርሻ ምን ያህል ይቀንሳል?” የሚለው ንጹሕ ጥያቄ ይመስላል፤ “ብዙ” ያለም “ጥቂት” ያለም “ምንም” ያለም ሰው ግን ድርሻ መኖሩን አስቀድሞ ተቀብሏል። የናይል ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 ለፊርማ ሲያቀርቡ ሳይስማሙበት የቀሩት አንድ ንኡስ አንቀጽ ነበር፤ 14(ለ)። የላይኛው ተፋሰስ አገሮች የየትኛውንም አባል አገር የውሃ ዋስትና በጉልህ አለመጉዳት የሚል ሐሳብ ያዙ፤ ግብጽና ሱዳን ደግሞ ከውሃ ዋስትናው ጋር የአገሮቹ ነባር አጠቃቀምና መብትም እንዳይነካ እንዲጻፍ ፈለጉ። ያ ጭማሪ ቢገባ የ1959ኙ ድልድል ምንም ክርክር ሳይደረግበት በጓሮ በር ይገባ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ይህን አሳምረው ስላወቁት አንዳቸውም አልለቀቁም። ስምምነቱ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለ ግብጽና ያለ ሱዳን በሥራ ላይ ውሏል፤ 14(ለ) ግን በአባሪነት ተቀምጦ፣ የሚቋቋመው የተፋሰሱ ኮሚሽን በተመሠረተ በስድስት ወር ውስጥ እንዲፈታው ተትቷል።